መጀመሪያ ቀዳዳው፣ ቀጥሎ ቴዎረሙ

ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን (አንድ ነገር በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ የሚናገር ኢኩዌሽን) የምታስተምሩ ካላችሁ ይህን ስሙኝ። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የኮርሱ አውትላይን በትርጓሜ ይጀምራል፣ ቴዎረም ያስከትላል፣ አፕሊኬሽኑን ምዕራፉ መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል። እዚያ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይደረስም። ምዝገባ ይጓተታል፣ ሴሚስተሩ ያጥራል፣ «ይቺን ራሳችሁ አንብቧት» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ገለበጥኩት።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ ሃይላንድ፣ ምስማር፣ ማስመሪያ፣ የስልክ ሰዓት። ታች ትበሱትና ውሃው ከቀዳዳው በላይ 16 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ ሰዓት ትይዛላችሁ። ከ16 ወደ 9 ለመውረድ የፈጀበት ጊዜ፣ ከ9 ወደ 4 እና ከ4 ወደ 1 ለመውረድ ከሚፈጅበት ጋር እኩል ለመሆን ምንም አይቀረው። ልጆቹ አያምኑም። ሰባት ሴንቲና ሦስት ሴንቲ እንዴት እኩል ጊዜ ይፈጃሉ? ከዚያ አንዱ ስኩዌር ሩት ይወስድና 4፣ 3፣ 2፣ 1 ይመጣለታል። በእኩል ፍጥነት የሚቀንሰው ከፍታው ሳይሆን ስኩዌር ሩቱ ነው። ኢኩዌሽኑን እኔ ሰሌዳ ላይ ሳልጽፈው እነሱ ይደርሱበታል።

ቴዎረሙን፣ ማለትም መፍትሄው አንድ ብቻ የሚሆነው መቼ እንደሆነ የሚናገረውን፣ የማመጣው እዚህ ላይ ነው፣ እዚያው ክፍለ ጊዜ ውስጥ። «ግቢ ያለው ሮቶ አሁን ባዶ ነው። ውሃው መቼ አለቀ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ዛሬ ጠዋትም ሊሆን ይችላል፣ ትናንትም፤ ሁሉም ኢኩዌሽኑን ያሟላሉ። መነሻው አንድ፣ መፍትሄው ብዙ። የስኩዌር ሩት ዴሪቬቲቭ ወደ ዜሮ ስንጠጋ ወደ ኢንፊኒቲ ይሄዳል፣ የሊፕሺትዝ ሁኔታ (ቁልቁለቱ ገደብ እንዲኖረው የሚጠይቀው የቴዎረሙ ቅድመ ሁኔታ) የሚፈርሰውም እዚያ ነው። ይህ ጥያቄ ካልቀደመ ያ ሁኔታ ለተማሪ የሚሸመደድ መስመር ብቻ ነው። ታሪኩም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው፤ ቶሪቼሊ የውሃውን ሕግ ያገኘው በ1640ዎቹ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ነው፣ ሊፕሺትዝ ሁኔታውን የጻፈው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ።

ጣጣው የመጣው ሚድ ላይ ነው።

ፈተናው ኮመን ነው፣ ሁሉም ሴክሽን አንድ ወረቀት ይፈተናል። ጥያቄ ያወጣው ኮሚቴ ቴዎረሙን ቃል በቃል ፈለገ፤ ባዶ ቦታ ሙላ፣ እውነት ሐሰት። የእኔ ልጆች መፍትሄው ለምን ከአንድ በላይ እንደሚሆን ማስረዳት ይችላሉ፣ ያንን ግን ማንም አልጠየቃቸውም። ውጤታቸው ወረደ። አንዷ ተማሪ በራሷ አባባል «ቁልቁለቱ ገደብ ካጣ ሁለት መስመሮች አንድ ነጥብ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ» ብላ ጽፋለች። ዜሮ! መልስ መስጫው ላይ እንደዚያ ስላልተጻፈ። ቅሬታ አስገባች፣ ወረቀቷ ያው ዜሮ ሆኖ ተመለሰ። አሁንም ድረስ ያንገበግበኛል።

እኔም ተጠራሁ። «ሌላው ሴክሽን ምዕራፍ ሁለት ደርሷል፣ አንተ ውሃ ታፈሳለህ» ተባልኩ። የልጅቷን መልስ አብረን እንየው አልኩ። «ከአውትላይኑ ወጥተሃል ወይስ አልወጣህም?» ብቻ ነበር የሚሉኝ። ሂሳቡን አንስቶ የተከራከረኝ አንድም ሰው የለም፣ ሁሉም የሂሳብ መምህራን ሆነው!

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ከመንካታችሁ በፊት ፈተናውን ያዙ። ሴሚስተሩ ሳይጀመር የራሳችሁን ጥያቄዎች ለኮሚቴው አስገቡ፣ በቃለ ጉባኤ ይያዝላችሁ። በቃል «ችግር የለውም» ያላችሁ ሰው የሚድ ሰሞን አይገኝም። እኔ በቀጣዩ ሴሚስተር እንደዚያ አድርጌ የሮቶው ጥያቄ ፈተናው ውስጥ ገባ።

ቲዎሪውን ደግሞ አታሳድሩት። «ለኢንጂነር አፕሊኬሽን ይበቃዋል» ከሚሉትም ጋር አልስማማም፣ ሮቶው ዜሮ ላይ ሲደርስ ፎርሙላው ብቻውን አያወጣችሁም። ዲፓርትመንቱ የሂሳብ ተማሪዎችን ግን በቴዎረም ጀምርላቸው ይለኛል። እነሱንም በሃይላንዱ ነው የምጀምራቸው፤ ልዩነቱ፣ ማረጋገጫውን መስመር በመስመር ሳይጨርሱ ከክፍል አላስወጣቸውም።