ሙሉ ባትሪ ይዤ ሐረጎን መውረድ ለምን ተውኩ?

የኤሌክትሪክ መኪና መንዳት ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት በሐረጎ ቁልቁለት በኩል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ እወርዳለሁ፤ ማታ ያንኑ እወጣለሁ። እስከ ጥቅምት ድረስ ሐሳቤ ሁሉ "ቻርጁ ያደርሰኛል ወይ?" የሚል ነበር። ኅዳር ሲገባ ግን ሌላ ነገር ተማርኩ።

አንድ ሌሊት ብርዱ አጥንት ሰብሮ የሚገባ ነበር። መኪናዋ የምታድረው ደጅ ነው። ጠዋት መስታወቷ ላይ ውርጭ ጋግሯል፤ ባትሪው 100 ፐርሰንት ይላል። ደስ ብሎኝ ተነሳሁ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ እግሬን ከፔዳሉ ሳነሳ ግን እንደ ወትሮው ያዝ አላደረገችም። ዝም ብላ ትንደረደራለች። እስከ ታች ድረስ በፍሬን ብቻ ወረድኩ። ኮምቦልቻ ስደርስ የፍሬኑ ሸራ የተቃጠለ ሽታ ይሸታል። ልጄ ኋላ ተቀምጣ ስለነበር በጣም ደነገጥኩ።

ማታ ጎረቤቴን አማከርኳቸው፤ የድሮ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። "እኛ ሐረጎን በከባድ ማርሽ ነበር የምንወርደው። ያንተዋ ምን ይይዛታል?" አሉኝ። ጥያቄያቸው በትክክል ነገሩ ያለበት ቦታ ነበር።

ቁልቁለት ላይ መኪናዋን የሚይዛት ሞተሩ ነው። ጎማው ሞተሩን ሲያዞረው ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ያም ወደ ባትሪው ይመለሳል። ስለዚህ መውረድ ማለት ቻርጅ ማድረግ ማለት ነው። የሞላ ባትሪ መቀበያ ቦታ የለውም። የቀዘቀዘ ባትሪ ደግሞ ቶሎ መቀበል አይችልም። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፤ የሊቲየም ቅንጣቶች እንደ ልብ አይንቀሳቀሱም። ከዜሮ ዲግሪ በታች በግድ ከተሞላ ሊቲየሙ ወደ ውስጥ መግባቱን ትቶ ላይ ላዩን ብረት ሆኖ ይለጠፋል። ይህ ጉዳት አይመለስም። መኪናዋ ኃይሉን አልቀበልም ያለችው ራሷን ስትጠብቅ ነው። እኔ ደግሞ ሁለቱንም፣ ሙላቱንም ብርዱንም፣ አንድ ላይ አሸክሜያት ነበር።

ሒሳቡን ሠራሁት። በሁለቱ ከተሞች መካከል 600 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት አለ። 1,600 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ሲወርድ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ይለቃል። ከቤት ሶኬት ይህን ለመሙላት ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ከዚህ ላይ መንገዱና አየሩ ከወሰዱት የተረፈውን ነው ፍሬኑ ላይ ያቃጠልኩት።

አሁን ቻርጅ ማድረጉን 85 ፐርሰንት ላይ አቆማለሁ። ሰዓቱንም ሞልቼ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እንዲጀምርና ልወጣ ስል እንዲያልቅ አደርጋለሁ፤ ሲሞላ ትንሽ ይሞቃል። የኔ ባትሪ ሊቲየም ብረት ፎስፌት (LFP) የሚባለው ዓይነት ስለሆነ አልፎ አልፎ እስከ 100 መሙላት አለበት፤ አለበለዚያ የቀረውን ቻርጅ በትክክል መገመት ያቅተዋል። ያን ቅዳሜ ማታ አደርገዋለሁ። እሁድ ቁልቁለት የለብኝም።

ማሞቂያውም ይበላል። የቤንዚን መኪና ከሞተሩ የሚተርፈውን ሙቀት ይሰጠናል፤ እዚህ ግን ሙቀቱ ከባትሪው ይቀዳል። ስለዚህ መስታወቱን የማሞቀው ሶኬቱ ሳይነቀል ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቦታዎች ባሏት ኖርዌይም ሰዎቹ እንዲሁ ያደርጋሉ። በ2024 እዚያ ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ከ10ሩ 9 ያህሉ የኤሌክትሪክ ነበሩ። የኛ ብርድ ከነሱ ጋር አይወዳደርም፤ ቁልቁለታችን ግን ቀላል አይደለም።

በብርድ ጠዋት መኪናዋ በቻርጇ ልትሄድ የምትችለው ርቀት መቀነሱም ባትሪው ሞተ ማለት አይደለም። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ስትውል አብዛኛው ይመለሳል።

ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ከሐረጎ አናት እስከ ታች ስንት ፐርሰንት እንደተመለሰልኝ በየጠዋቱ እጽፋለሁ። ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ የናንተ ንጋት ከኛም ይብሳልና፣ ጣርማ በር ስትወርዱ መኪናችሁ እንዴት እንደምትይዝ ብትጽፉልኝ እናወዳድረዋለን።