80 ሜትር፣ ከየት ተለክቶ?

በተራራማ ቦታ ላይ በድሮን የካርታ ፎቶ ስናነሳ የገጠመንን እዚህ የምጽፈው፣ አውቶማቲክ በረራ የሚያቅድ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል ብዬ ስለማምን ነው።

የበረራው ዕቅድ በጥንቃቄ የተሠራ ነበር። ሶፍትዌሩ የመሬቱን ከፍታ ሞዴል (የየቦታውን ከፍታ በቁጥር የያዘ ካርታ) ተከትሎ ድሮኑ በየነጥቡ ከመሬት 80 ሜትር ያህል እንዲርቅ አስልቷል፤ ይሁን እንጂ የየነጥቡ ከፍታ በፋይሉ ውስጥ የተመዘገበው ከሥሩ ካለው መሬት ሳይሆን ድሮኑ ይነሳበታል ከተባለው ቦታ ተለክቶ ነው። ያ መነሻ በተራራው ትከሻ ላይ ያለ ሜዳ ነበር። በዕለቱ ወዲያ የሚወስደውን መንገድ ጎርፍ ቆርጦት ስላገኘነው፣ አብራሪው ባልደረባችን 65 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ከሸለቆው ውስጥ ለማስነሳት ወሰነ። ዕቅዱ ግን እንዳለ ተጫነ።

ድሮኑ 80 ሜትር ሲደርስ ከአናታችን በላይ በቂ ከፍታ ያለው ይመስል ነበር፤ በመቆጣጠሪያው ላይ የሚነበበው ቁጥርም ከዕቅዱ ጋር አንድ ነበር። አደጋው የተሸሸገው እዚሁ ላይ ነው፤ ቁጥሩ አልተዛባም፣ ቁጥሩ መቆጠር የጀመረበት መሬት እንጂ። ድሮኑ ሸለቆውን ይዞ ሄዶ ወደ ትከሻው ሲታጠፍ ከመሬቱ የሚለየው 15 ሜትር ብቻ ሆነ፤ ከዚያም ላይ የዛፎቹ ቁመት ይቀነሳል። ራቅ ብሎ ከጎን ይከታተል የነበረው ባልደረባችን «አቁመው፣ ዛፎቹ ላይ ሊገባ ነው!» ሲል አብራሪው በረራውን አቋረጠ፤ ድሮኑም ባለበት ረግቶ ቀረ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። የአብራሪው ጣት ወዲያው ያመራው ወደ መነሻ መመለሻው ቁልፍ ነበር። የመመለሻው ከፍታ 60 ሜትር ተብሎ የተሞላ ሲሆን፣ ብዙ ድሮኖች ከተሞላላቸው ከፍታ በላይ ከሆኑ ባሉበት ከፍታ ቀጥ ብለው ይመለሳሉ እንጂ ተጨማሪ አይወጡም። በቀጥታው መስመር ላይ ደግሞ ድሮኑ ሲሄድ ዞሮ ያለፈው ባለ ዛፍ ጉብታ ነበር። «መጀመሪያ በእጅህ ከፍ አድርገው» ተባለና አብራሪው እንደተባለው አድርጎ በደህና መለሰው። ለደህንነት የተሠራ ቁልፍ የሚያድነው ከፍታው ለዚያ መሬት ታስቦ ሲሞላ ብቻ ነው።

ድሮኑ ዛፍ ባይነካ እንኳ ፎቶዎቹ አይረቡም ነበር። ድሮኑ እየተመላለሰ የሚበርባቸው መስመሮች የተዘረጉት ከመሬት በ80 ሜትር ርቀት ፎቶዎቹ በጎን 70 በመቶ እንዲደራረቡ ታስቦ ነው፤ በ15 ሜትር ግን አንድ ፎቶ የሚሸፍነው ስፋት ከአምስተኛ እጅ ያነሰ ስለሚሆን በመስመሮቹ መካከል ጭራሽ ያልተነሳ መሬት ይቀራል።

የከፍታ ሞዴሉም ራሱ ገደብ አለው። ብዙ ሶፍትዌሮች የሚጠቀሙበት ነጻ መረጃ በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተሰበሰበው ሲሆን፣ ነጥቦቹ በ30 ሜትር ገደማ የተራራቁ ናቸው። በሁለት ነጥብ መካከል ያለ ሹል ድንጋይ፣ ከዚያ ወዲህ ያደገ ዛፍ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ አይታይበትም። ተዳፋቱም ፍጥነትን ይጠይቃል፤ በ10 ሜትር በሰከንድ እየበረረ 40 በመቶ ዳገት የሚከተል ድሮን በየሰከንዱ 4 ሜትር መውጣት አለበት፣ ያን ካልቻለ ፍጥነቱ መቀነስ ይኖርበታል።

አሁን መነሻው ከተቀየረ ዕቅዱ ከአዲሱ ቦታ እንደገና ሳይሰላ ባትሪ አይገባም። የመመለሻው ከፍታ የሚሞላው በበረራው ክልልና በመመለሻው መስመር ላይ ካለው ከፍተኛ ቦታ ተነስቶ፣ የዛፉ ቁመትና የሞዴሉ ስሕተት ተጨምሮበት ነው። የመጀመሪያው መስመርም ከጎን የሚመለከት ሰው በሬዲዮ እየተናገረ በዝግታ ይበረራል፤ ሽቦ አለ ተብሎ በሚጠረጠርበት ቦታ ደግሞ አስቀድመን በእግር ሄደን እናያለን።