ቀኔን የበላችው 3 ሰዓት

ዛሬ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ ከስዋርም ሳተላይቶች ዳታ ጋር ስታገል ዋልኩ። እ.ኤ.አ. በ2013 የመጠቁ ሦስት የአውሮፓ ሳተላይቶች ናቸው፤ የኤሌክትሮን መጠን በሰከንድ ሁለቴ ይለካሉ። እኔ የምፈልገው ጀምበር ከጠለቀች በኋላ በላያችን የሚፈጠረውን የፕላዝማ አረፋ (በላይኛው ከባቢ አየር ኤሌክትሮን በድንገት የሚያንስበትን ቦታ) ነው፤ ያ ጂፒኤስ የሚረብሸውን። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በእኛ በኩል ስለሚያልፍ አረፋው እዚህ ሰፈር አይጠፋም።

ግራፌ ላይ ግን መስመሩ ቁልቁል የወረደው በ11 ሰዓት ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ! አዲስ ግኝት መስሎኝ ልቤ ቀጥ አለ።

ሁለተኛው ማኪያቶ ሲያልቅ ባነንኩ። የሳተላይቱ 17 ሰዓት በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፤ ለእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት። 3 ሰዓት መደመር ረስቼ!

ችግሩ፣ ለአማካሪዬ «ጉድ ተገኘ» ብዬ ቴሌግራም ልኬላቸው ነበር። አይተውታል። እስካሁን ዝም።