መጀመሪያ ቀልዱን ያየ ሰው

ዛሬ ምንም አላሳቀኝም። ክረምቱ ይሁን እንቅልፍ ማጣቱ እንጃ። ማታ ሚኒባሱ እኛን እንደጫነ ማደያው ሰልፍ ውስጥ ገብቶ ተገተረ። ረዳቱ "አሁን ይደርሰናል" ይላል፤ አንዲት እናት "ሂሳቤን መልስልኝና ልውረድ" ይላሉ፤ ሹፌሩ ራዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። እኔ ደግሞ መስኮቱን ተደግፌ ስለ ነዳጅ ሳስብ ማም ትዝ አለችኝ። ፊውቸራማ የሚባለው የአሜሪካ ካርቱን ላይ ያለችው ማም። የምታውቁኝ እዚህ ጋ "ጀመረው!" እንደምትሉ አውቃለሁ።

ማም ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ ባለው ዓለም የጠፈር መርከቦች የሚነዱበትን ጥቁር ቁስ ጠቅልላ የያዘች ከበርቴ ናት። ካሜራ ፊት ስትቀርብ ጋቢ ብቻ የጎደላት ደግ አያት ትመስላለች፤ ካሜራው ዞር ሲል አፏ አይጣል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በዲቪዲ የወጣው የፊውቸራማ ፊልም "ቤንደርስ ጌም" መነሻው ይኸው ነው፤ ነዳጅ ተወደደ፣ ሮቦቱ ቤንደር የሚሠራባት መርከብ እንዳትነሳ ተባለ። (ነዳጁ ከምን እንደሚገኝ ብነግራችሁ እራታችሁን ስለማትበሉ ይቅር።)

ከነዳጁ ይልቅ ግን ቤንደር ነው የማይወጣልኝ። ልጆች ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ሲጫወቱ ይደርስባቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ያለ ጨዋታ ነው፤ ጠረጴዛ ከበው ዳይስ እየወረወሩ "እኔ ፈረሰኛ ነኝ፣ አንተ ጠንቋይ ነህ" ይባባሉበታል። ቤንደርም ልጫወት ይላል፤ አልሆነለትም። ሮቦት ነዋ፤ ምናብ የሚባል ነገር አልተገጠመለትም። ሲታገል ሲታገል ድንገት ይከፈትለታል፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው ጠፋ። ራሱን ታይታኒየስ አንግልስሚዝ የሚባል ባላባት አድርጎ ከተማውን ሲያምስ ወስደው ያበዱ ሮቦቶች ማቆያ ይከቱታል። የማቆያው ስም ራሱ ከኩብሪክ ፊልም ነፍሰ ገዳይ ኮምፒውተር፣ ከሃል፣ የተወሰደ ነው። ሁሉም የሚስቀው እዚህ ጋ ነው። እኔ ግን ሁሌም ትንሽ ይከፋኛል። ዕድሜውን ሙሉ አታልምም ሲባል ኖሮ፣ ባለመ ማግስት ታሰረ።

ከዚያ የመርከቧ ሰዎችም ማምም ሁሉም ተያይዘው ቤንደር በሕልሙ በፈጠራት ኮርንውድ የምትባል ዓለም ውስጥ ይወድቃሉ። ፍራይ ፍራይዶ ይሆናል፤ ሊላ ሊጎላ የምትባል ከወገቧ በታች ፈረስ የሆነች ተዋጊ፣ ፕሮፌሰሩ ግሬይፋርን፣ ማም ደግሞ ሞሞን። ፍራይዶ ባለ 12 ገጽ ዳይስ ተሸክሞ ይጓዛል፤ ዳይሱም ቀስ በቀስ ልቡን ይሰልበዋል።

ይህን ሁሉ ያየሁት ታዲያ የሚያላግጡበትን ዋናውን፣ ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስን፣ ሳላይ ነው። ሰፈር ፊልም የሚጭንልን ልጅ ፍላሹ ላይ ቦታ ከተረፈው ካርቱን ይሞላበት ነበር፤ "ማን ጫን አለህ?" ብትለው "በነፃ ነው እኮ" ነው መልሱ። ስለዚህ ፍራይዶን ከዋናው ባለታሪክ ከፍሮዶ በፊት ተዋወቅኩት። ኋላ እህቴ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውን የፒተር ጃክሰንን ፊልም ስታሳየኝ፣ ፍሮዶ ያንን ልብ የሚሰልብ ቀለበቱን እያየ ፊቱ ሲለዋወጥ እሷ ትንፋሿን ዋጠች፣ እኔ በሳቅ ፈረስኩ። ሪሞቱን ይዛ ወጣች። ዛሬም ሲነሳ ትቆጣለች። ምን ላድርግ? ጠንቋዩ ጋንዳልፍ በር ከፍቶ በገባ ቁጥር እንደ ፊውቸራማው ፕሮፌሰር "መልካም ዜና!" ሊል ነው እያልኩ እጠብቃለሁ።

ለነገሩ የአሜሪካኖቹን ተረት ግማሹን በዚህ በጓሮ በር ነው የገባሁበት። እ.ኤ.አ. በ1990 ሲምፕሰንስ የሚባለው የቤተሰብ ካርቱን ሠሪዎች የመጀመሪያውን የሃሎዊን ክፍል ሲሠሩ የኤድጋር አለን ፖን የቁራ ግጥም አስገቡበት። ጄምስ ኧርል ጆንስ በዚያ ድምፁ ያነባል፤ ሐዘንተኛው አባትየው ሆመር፣ ቁራው ልጁ ባርት። ባርት መሃል ላይ የራሱን ስድብ ሲሸነቁር እህቱ ሊሳ ትቆጣዋለች እንጂ ግጥሙን ብዙም አልነኩትም። ያን ግጥም ሌላ ቦታ የሚያሰማኝ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን እነዚሁ ሰዎች "ዘ ሰርፍሰንስ" ብለው በጌም ኦፍ ትሮንስ ሊያላግጡ ተነሱ፤ ከዋናው ድራማ ኒኮላይ ኮስተር-ዋልዳውን ሳይቀር ጠሩ፤ ለእኔ ልብስ መቀየር ብቻ ሆነብኝ። ቢጫ ፊት ላይ የብረት ቆብ ደፍተህ ሳቁ ብትለኝ አልስቅም። የፊውቸራማዎቹ የሚያላግጡበትን ነገር ይወዱት እንደነበር ያስታውቃል። ከደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ፈጣሪዎች አንዱ ጋሪ ጋይጋክስ እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ ክፍል ላይ ራሱን ሆኖ ተጫውቶላቸው ነበር፤ በ2008 ሲሞት "ቤንደርስ ጌም" መጨረሻ ላይ ያንኑ ቁራጭ መልሰው አሳዩት። ይሄ አላገጠብን ብሎ የተቀየመ የጨዋታው ወዳጅ ካለ ያንን አላየም ማለት ነው።

ይህን ሳሰላስል ፍሮዶን ወደ እኛ ከተማ አመጣሁት። ቀለበቱን እሳተ ገሞራው ውስጥ ሊጥል ይመጣል፤ "ከወረዳህ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ" ይባላል። ይዞ ሲመለስ ባለሙያዋ ስብሰባ ገብታለች። ጓደኛው ሳም ፎቶ ኮፒ ፍለጋ ይሮጣል። ጋንዳልፍ በትሩን መሬት ላይ ቢመታም "ሲስተም የለም" ነው የሚባለው። ቀለበቱን "ውዴ" እያለ የሚመኘው ጎለም ግን ጉዳይ አስፈጻሚ ሆኖ ፌስታሉን ይዞ በር ላይ ቆሟል፤ "ውዴ፣ በሁለት ቀን አስጨርስላችኋለሁ።"

በራሴ ምናብ ኮራሁና ለአንድ ጓደኛዬ ጻፍኩለት።

"ይሄን የሆነ ካርቱን ላይ አላየነውም?" ብሎ መለሰልኝ።

"የራሴ ነው!"

"እርግጠኛ ነህ?"

ሌሊቱ ተጋምሷል። የድሮ ፍላሾቼን አንድ በአንድ እየሰካሁ ጎለምን እየፈለግኩ ነው።