አልሰማሁም የማይባልበት ደጅ

ኅዳር 12 ቀን 2012 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የወጣነው በጭስ ውስጥ ነው። ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ወዲህ ከተማው በዚህ ቀን ቆሻሻውን እየሰበሰበ ያጥናል። ገና ጎህ ሲቀድ በየሰፈሩ ጥጋጥግ እሳት ተለኩሶ፣ ሾፌራችን መስታወቱን ዘግቶ ያስላል። ጓደኛዬን ያሳሰበው ግን ጭሱ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። የተወለደበት አጥቢያ ታቦት ሚካኤል ነው፣ ንግሡም ዛሬ ነው። አዲስ አበባ በኖረባቸው አሥራ አምስት ዓመታት ለንግሥ የገባው ሦስቴ ብቻ ነው። በአራተኛው እኔን አስከትሎ ወደ መንዝ ይጓዛል።

አልደረስንም። ደብረ ብርሃን ድረስ ያለውን 130 ኪሎ ሜትር በጥሩ ሁኔታ ሄድን፤ ቁርስም በላን። ጣርማ በር ላይ ከዋሻው በፊት ወደ ግራ ተገንጥለን ጠጠሩን መንገድ ከጀመርን በኋላ ግን የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ስኮርታ ጎማ አለ፤ ክሪክ የለም። ሾፌሩ «ትናንት እኮ ነበር» ይላል፣ ክሪክ በእግሩ የሚሄድ ይመስል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ገብስ የጫነ አይሱዙ መጥቶ አዋሰን። ሾፌሩ ጎማውን ሲያስር ጓደኛዬ በእጁ ሰዓት ላይ አፍጥጦ፣ «አሁን ታቦቱ ወጥቷል» «አሁን እየዞረ ነው» እያለ ንግሡን ከመንገድ ዳር ሆኖ ያስተላልፍልኝ ነበር።

ጓሳን ያቋረጥነው ከሰዓት በኋላ ነው። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፤ ኅዳር ፀሐይ ቢሆንም ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ጓሳው ሣር እንደ ሽማግሌ ጸጉር ተጎንጉኖ ተኝቷል። ረጅሙ የደጋ ተክል ጅብራ በየቦታው ቆሟል፣ ጭላዳዎቹ ደግሞ ከመንገዱ ሃያ እርምጃ ርቀው ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። አንዱ ወንድ ጭላዳ ጋማውን ንፋስ እየበተነበት ቀና ብሎ አየንና ወደ ሥራው ተመለሰ። ቀይ ቀበሮ አየሁ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ አላየሁም።

ከመንደሩ ስንደርስ ነጭ የለበሰው ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ እየወረደ ነው። የጓደኛዬ እናት ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ልጃቸውን ሦስቴ ከሳሙ በኋላ፣ «ታቦቱ ገባ፣ እናንተ ደግሞ አሁን ወጣችሁ» አሉት። ቀጥለውም ለእኔ ያዘኑልኝ ይመስል፣ «ግዴለም የኔ ልጅ፣ አርብ ስለዋለ ሥጋው አልተነካም። ነገ ትበላለህ» አሉኝ። ሚካኤል አርብ ላይ ሲውል ድግሱ በሽሮና በክክ ያልፋል፤ በጉ ለቅዳሜና ለእሁድ ይተላለፋል። በዚህ ላይ ሰኞ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ሁለቱ ቀናት ቅበላ ናቸው። ክሪኩን በልቤ ማመስገን ጀመርኩ።

ስለ ቅዳሜ የምለው ብዙ የለም፤ በላን። ማታ የገብስ ጠላና ቆሎ ቀርቦ፣ እማማ ራሳቸው የፈተሉት ባና ላዬ ላይ ተጣለ። የመንዝ በግ ጸጉር ሌሊቱን እንዴት እንደሚያሳልፍ የገባኝ ያኔ ነው። ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል፣ ግን ብርድ የሚባል ነገር አያስገባም።

እሁድ ጠዋት ቅጽሩ ውስጥ ከጥድ ሥር ቆሜ አስቀደስኩ። ሣሩ ላይ አመዳይ ነጥቷል፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በዱላቸው ተደግፈዋል። ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ ሕዝቡን ሲያሰናብት ሦስት ሰዓት ሊሞላ ነበር። በሰላም ግቡ ማለት ነው፤ ማንም ግን ንቅንቅ አላለም። ጠበሉን ጠጥተው ሁሉም ወደ ደጀ ሰላሙ ወረዱና ሴቶቹ በካቡ በኩል፣ ወንዶቹ በጥዱ በኩል ቦታቸውን ያዙ። የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ የተማሪ ደብተር ይዞ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ወጣ። ሰበካ ጉባኤ የሚተዳደርበት ደንብ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ «ቃለ ዓዋዲ» ይባላል፤ ዓዋዲ በግዕዝ አዋጅ ነጋሪ ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ደንቡን እንጂ ዓዋዲውን አይቼ አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ የተናገሩት ቄሰ ገበዙ ናቸው። «ነገ ጾም ይገባል። ቅበላው ዛሬ ነው፣ እስከ ነገ ጠዋት አይደለም» አሉ። ከወንዶቹ በኩል የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ያለፈው ዓመት አንድ ነገር ሳይኖር አልቀረም።

ከዚያ ጸሐፊው ደብተሩን ገለጠ። «አንዲት ጥቁር በግ፣ ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ፣ አንድ የወለደች፣ ከሐሙስ ጀምሮ አልገባችም። ያየ ይናገር። ከመንጋው ጋር የተቀላቀለችበትም ዛሬ ይናገር። ከዛሬ በኋላ የተገኘችበት ሰው ግን…» ብሎ ዝም አለ። አጠገቤ የቆሙት በርኖስ የደረቡ ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ዓረፍተ ነገሩን ጨረሱልኝ። «ሌባ ነው።»

«እስከ ዛሬስ?» አልኳቸው።

«እስከ ዛሬማ በጓ ናት የተሳሳተችው። አሁን ተነገረ። እዚህ የተነገረን ነገር አልሰማሁም አይባልም።»

«ዛሬ ያልመጣ ሰውስ?»

«ጎረቤት የለውም?» አሉኝ፣ በመገረም።

ከዚህ በኋላ የሚነበበውን ሁሉ በሌላ ጆሮ ነው የሰማሁት። እኔ በምኖርበት ከተማ ወሬ ሰምተህ የምትተወው ነገር ነው፤ ብትፈልግ ታምናለህ፣ ባትፈልግ ታልፋለህ። እዚህ ግን ጸሐፊው አንድ ነገር ባነበበ ቁጥር በሰዉ ትከሻ ላይ አንድ ነገር ያርፋል።

ቀጥሎ የደቦ ጉዳይ መጣ። ባሏ በክረምቱ የሞተባት ሴት ገብሷ ደርሶ ውርጭ እየመታው ነው። አንድ ጎልማሳ ከኋላ «ማክሰኞ እንጨደው» ሲል ቄሰ ገበዙ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት፣ «ማክሰኞ 16 ነው፣ ኪዳነ ምሕረት ናት» አሉ። ጣት ተቆጠረ። ሰኞ የጾሙ መግቢያ ነው፤ ይታጨዳል፣ ግን ለደቦ ሰው ጠላ የምትጠምቀው ሴትዮ አትደርስም። ረቡዕ ሆነ። ማጭድ ያለው ማጭዱን፣ የሌለው ጉልበቱን ይዞ ይምጣ ተባለ። ከሴቶቹ በኩል «እንጀራው የኛ ነው» የሚል ድምፅ ወጣ፤ ጸሐፊው ይህንንም ጻፈው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም እዚያው ነበረች። ነጠላዋን አስተካክላ ስለ ሕፃናት ክትባት ስትናገር ድምፅዋ ከካቡ አላልፍ አለ። ጸሐፊው ቃል በቃል እየተቀበለ ጮኾ ይደግመዋል፣ «ካርዱን ይዛችሁ!» ትላለች፣ «ካርዱን ይዛችሁ!» ይላል። ቀበሌውም ቢሆን ይህን ድንጋይ የሚያህል ማስታወቂያ ሰሌዳ የለውም።

በመጨረሻ የጣሪያው ነገር መጣ። የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ በነሐሴ ንፋስ ተገልጦ በምሥራቅ በኩል ያፈሳል። ለእድሳት በየዓመቱ ከአንድ ጎጆ 50 ብር ተመድቧል። ጸሐፊው ያልከፈሉትን በስም መጥራት ጀመረ። አራተኛው ስም የጓደኛዬ ነበር፣ ከነአባቱ፣ «የአራት ዓመት፣ 200 ብር» ተብሎ።

ጓደኛዬ ከመደንገጡ የተነሳ «እኔ እኮ አልሰማሁም!» አለ።

እንዲህ ያለ ሳቅ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ሽማግሌው በዱላቸው መሬቱን እየመቱ ሳቁ፤ ቄሰ ገበዙም መስቀላቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው ፊታቸውን አዞሩ። ሳቁ ሲበርድ ከካቡ በኩል የእናቱ ድምፅ መጣ። «እኔማ ሰምቻለሁ። ከፍዬልህ ቢሆን ኖሮ መቼ ትመጣ ነበር?»

200 ብሩን እዚያው አወጣ። እኔም አፍሬ 100 ጨመርኩ። ጸሐፊው ስሜን ጠይቆ ደብተሩ ላይ አሰፈረው፤ ይህ ነገር ምን እንደሚያመጣብኝ ወደፊት እናያለን።

ከዚያ ወደ ሰንበቴው ቤት ገባን። የዕለቱ ተረኛ ሁለት ድፎ ዳቦና አንድ እንስራ ጠላ አቅርቧል። የሰንበቴው መሪ፣ ሙሴው፣ ዳቦውን አስባርኮ አስቆረሰ። ከበርኖሱ ሽማግሌ ጎን ተቀመጥኩና ስለ ጣሪያው ጠየቅኳቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ድሮ በጓሳ ሣር ነበር የሚከደነው አሉኝ። «ጓሳ ንፋስ አይገልጠውም። ግን እሱም እንደ ልብ አይታጨድም።»

ጓሳውን ያስተዳድር የነበረው የድሮው ሥርዓት ቄሮ ይባላል፤ ስሙ ከኦሮሞ ወጣቶች ንቅናቄ ከቄሮ ጋር ቢገጥምም ነገሩ ሌላ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበር ይነገራል። ሜዳው አስቦና ጌራ ለሚባሉ ሁለት ወገኖች ተከፍሎ፣ ከዚያ በታች በየአጥቢያው ይደለደል ነበር። ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና በበጋ ይከፈት ነበር። የሚከፈትበት ቀን በገበያ፣ በቀብርና እንዲህ ባለ ደጅ ይታወጅ ነበር። ገመድ፣ ጅራፍ፣ የክረምት ገሳ፣ የቤት ክዳን የሚሆነው ሁሉ ከዚያ ይመጣ ነበር። ከዚያ ሐምሌ 5፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ እንደገና ይዘጋ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው። ቆየት ብሎ ግን ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ አቋቋመ፤ ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ የጸጸት ድምፅ አልነበራቸውም። «አባቴ ከተዘጋ በኋላ አንዲት እስር ሣር ያመጣን ሰው ያውቅ ነበር» አሉ። «ሲጠየቅ አልሰማሁም አላለም። ልጄ ልትወልድ ነው፣ ጎጆዋ ያፈሳል ነው ያለው።»

«ምን አደረጉት?»

«ቀጡት። ከዚያ ደግሞ ጎጆዋን ራሳቸው ከደኑላት።» ዳቦአቸውን ጠላ ውስጥ አጥቅሰው ጎረሱ። ይህን ታሪክ አባታቸው ያሳመሩት ይሁን እሳቸው አላውቅም፤ ከጥርጣሬዬ ጋር ወደድኩት።

ሰኞ ጠዋት ተነሳን። እማማ ለመንገድ የገብስ ቆሎና በሶ ቋጠሩልን፤ ጾም ነውና ከትናንቱ በግ የተረፈው ለልጆቹ ቀርቷል። ሾፌሩ ከአይሱዙው ሾፌር ጋር ስልክ ተለዋውጦ እንደነበር የሰማሁት ያኔ ነው፤ ክሪክ ግን አልገዛም።

ከመንደሩ ወጥተን አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር እንደሄድን እንጨት የተሸከመች ሴት እጇን አነሳችልን። የምትሳፈር መስሎን ቆምን። ሸክሟን ሳታወርድ በመስታወቱ ጎንበስ አለች።

«እንደምን አደራችሁ። ከሚካኤል ናችሁ? ትናንት ልጅ አሞኝ ቀረሁ። ምን ተባለ?»

ጓደኛዬ እኔን አየኝ። እኔም ሾፌሩን አየሁ፤ ከእሱ ምን እንደምጠብቅ እንጃ።

«ደቦው ረቡዕ ነው» አልኳት። «ማክሰኞ ኪዳነ ምሕረት ናት። የልጆች ክትባት አለ፣ ካርድ ይዛችሁ ኑ ተብሏል። ቀኑ…» ጠፋብኝ።

«ሐሙስ» አለ ጓደኛዬ።

«የበጓስ ነገር?»

«ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ ጥቁር በግ» አልኳት። «የተቀላቀለችበት እስከ ትናንት ይናገር ነበር የተባለው።»

ሴትዮዋ ከእንጨቱ ሥር ቀና ብላ ወደ ቤቷ በኩል አየች። «እኔ እኮ ዛሬ መስማቴ ነው» አለችና፣ እንጨቷን እዚያው መንገድ ዳር ጥላ በሩጫ ወደ በረቷ ወረደች።