ከ62ቱ የተረፉት 24ቱ
ከአሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ የቤት መብራት ልሠራ ነው ብዬ ስጀምር "ሁለት ሳምንት ይበቃኛል" ማለቴን አልረሳሁትም። አራት ወር ፈጀብኝ። ሥራው ከባድ ሆኖ አይደለም፤ ከባዱ ደህናውን ከሞተው መለየቱ ነው። ዛሬ የምጽፈውም በአብዛኛው ስለ መለየት ነው።

የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። ማታ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ሳርም መብራት ይጠፋል፤ በሻማ ደግሞ ቀዩን እስክሪብቶ ከሰማያዊው መለየት ያቅታል። ፒያሳ ያሉ የኮምፒውተር ጠጋኞች ዘንድ ዞሬ 11 የሞቱ ባትሪዎች ሰበሰብኩ። አንድ አዛውንት "ውሰደው ልጄ፣ እኔ ዘንድ ቦታ ነው የሚያጣብበው" ብለው በነፃ ሰጡኝ። ሌሎቹ ግን እንደምፈልገው ሲያውቁ ወዲያው ዋጋ ቆረጡለት።

ሽፋኑ ሲከፈት ውስጡ ከአውራ ጣት ትንሽ ረዘም ያሉ ሲሊንደሮች አሉ። እነዚህ የባትሪው ሴሎች ናቸው፤ 18650 ይባላሉ፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት ማለት ነው። ባለ ስድስት ሴሉ ባትሪ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሴሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በትይዩ ይያያዙና ሦስቱ ጥንድ በተከታታይ ይቆማሉ። አንዱ ጥንድ ሲደክም መቆጣጠሪያው ሁሉንም ይዘጋል፤ ስለዚህ ሞተ ከተባለው ባትሪ ውስጥ አራቱ ጤነኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ከ11ዱ በድምሩ 62 ሴል አወጣሁ።

ቅዳሜ ገበያ ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ ሲሸጥ አይተን አድገናል። አሁን "ዑደታዊ ኢኮኖሚ" የሚል ትልቅ ስም የወጣለት ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን ጎማ ማለቁን በዓይን ያሳያል፤ ሴል ይደብቃል። የመጀመሪያ ስህተቴም እዚህ ላይ ነበር። ሞልቼው ቴስተሩ 4.2 ቮልት ያሳየኝን ሁሉ "ደህና ነው" ብዬ መደብኩት። ቮልት ግን ምን ያህል እንደ ሞላ እንጂ ምን ያህል እንደሚይዝ አይናገርም። ብርሌም እንደ ጋን እስከ አፉ ይሞላል።

ስለዚህ እንደ ገና ጀመርኩ። ሲወጡ ከ2 ቮልት በታች የነበሩትን 17 ሴሎች ሳልሞላ አስወገድኩ። እንዲህ ከመጠን በላይ የወረደ ሴል ውስጥ መዳቡ ይሟሟል፤ ሲሞላ ተመልሶ በማይገባው ቦታ ስለሚረጋ ከውስጥ ሊያገናኝና እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ከቀሩት 45 መካከል አራቱ ሲሞሉ እጅ እስኪያቃጥሉ ጋሉ፤ እነሱም ወጡ። 41ዱን ሞልቼ፣ ቁጥር ጽፌባቸው፣ ለሁለት ሳምንት ሳልነካ አስቀመጥኳቸው። ትዕግሥት ለሌለው ሰው ይህ ከሁሉ የከፋው ክፍል ነው፤ ሆኖም ይህንን ያህል የጠቀመኝ መሣሪያ የለም። ዘጠኙ ማንም ሳይጠቀምባቸው ከ4 ቮልት በታች ወርደው ተገኙ።

የቀሩትን 32 አንድ በአንድ ባለ 4 ኦም የሸክላ ሬዚስተር (ኃይሉን ወደ ሙቀት ለውጦ የሚጨርስ) ላይ እያገናኘሁ፣ 3 ቮልት እስኪደርሱ ሰዓት ያዝኩላቸው። ወደ 0.9 አምፔር ስለሚስብ ሁለት ሰዓት የቆየ ሴል 1,800 ሚሊአምፔር ሰዓት ያህል አለው ማለት ነው። አንድ ሌሊት ሁለቱን አገናኝቼ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሲነጋ ሁለቱም ባዶ ነበሩ፤ አንደኛው ደግሞ ከመዝገቤ ጥሩው ነበር። ሁለቱንም አስወገድኳቸው። ከዚያ ወዲህ ስልኬ በየ15 ደቂቃው እንዲጮህ አደረግሁ፤ ቤተሰቡ አልወደደውም። ከ1,500 በታች የያዙትን ስድስት ለእጅ ባትሪ መደብኳቸው። የቀሩት 24 ናቸው።

ግንባታው አንድ ቅዳሜ ብቻ ወሰደ። ስምንት ስምንት በትይዩ፣ ሦስቱን ረድፍ በተከታታይ። በየሴሉ ጫፍ እንደ ፊውዝ የሚበጠስ ቀጭን ሽቦ፣ ከላይ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ፣ ውጭው የብረት ሳጥን። በካውያ ስትበይዱ ሴሉ ላይ ከሁለት ሰከንድ በላይ አትቆዩ፤ ሙቀት ይጎዳዋል። ሳጥኑ አልጋ ሥር አይገባም፤ ተኝቼም አልሞላውም። ወደ 150 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ሁለት አምፖልና ዋይፋዩን ከስድስት ሰዓት በላይ አቆይቶልኛል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ "የሕዳሴው ግድብ ተመርቆ ባትሪ ምን ያደርግልሃል?" አለኝ። 5,150 ሜጋዋት በእርግጥ ብዙ ነው። ነገር ግን ኃይሉ በ500 ኪሎቮልት መስመር ተነሥቶ፣ ደረጃ በደረጃ እየወረደ፣ እኔ ቤት 220 ቮልት ሆኖ እስኪገባ መንገዱ ረጅም ነው። የሰፈራችን ምሰሶ በነፋስ ሲዘም ግድቡ ምንም ሊያደርግልኝ አይችልም። መጠባበቂያው ወደ ተጠቃሚው ሲቀርብ ነው የሚረዳው። አምስተርዳም ያለው የዮሃን ክራይፍ ስታዲየም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስና ያገለገሉ የኒሳን ሊፍ መኪና ባትሪዎችን በአንድ ላይ አድርጎ 3 ሜጋዋት የሚሰጥ ማከማቻ አለው። ስለ ኳስ ስናወራ ይህንን የሚያነሳ ሰው አላጋጠመኝም።

እኛም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖቹ እየበዙ ነው። የመኪና ባትሪ አቅሙ ወደ 70 ወይም 80 በመቶ ሲወርድ ለመንገድ ይደክማል፤ ለቆመ ማከማቻ ግን ገና ብዙ ዓመት አለው። ያን ጊዜ ሴሉ አይጠፋም። የሚጠፋው ለክቶ፣ ሁለት ሳምንት ጠብቆ የሚለየውና መዝገብ የሚይዘው ሰው ነው። እኔ ለ24 ሴል አራት ወር ከፈልኩ፤ በደመወዜ ቢሰላ አዲስ መግዛት ይረክስ ነበር።

ለእጅ ባትሪ እንኳን ያልሆኑት 32ቱ ጫፋቸው በፕላስተር ተሸፍኖ፣ አሸዋ በሞላ ባልዲ ውስጥ በረንዳ ላይ አሉ። ቆራሌው ብረት መስሎት ጠይቆኝ ነበር፤ ጋሪው ላይ እንዲቃጠልበት ስላልፈለግሁ ከለከልኩት። እናቴ ጠዋት ጠዋት ስትጠርግ ባልዲውን በእግሯ ገፋ እያደረገች "ይሄስ መቼ ነው የሚወጣው?" ትለኛለች። የምታውቁት ቦታ ካለ ጻፉልኝ።