«እርጅና ነው» ብለው ሲመልሷችሁ እሺ አትበሉ

እናቴ ደብረ ብርሃን ዳር ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። የመርሳት ሕመሟ ገና መለስተኛ ነው። ሰው ታውቃለች፣ ቡናም ታፈላለች። ግን «ሌሊት ስትነሺ ቀስቅሺኝ» ስላት እሺ ትልና ሌሊት ትረሳዋለች። ደጋግማ ወደቀች። ያኔ የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው ይህን የምጽፈው።

የቤቱ ሥራ ቀላል ነው። አልጋዋ ሥር የነበረውን አጎዛ አነሳሁ፣ ሲሚንቶ ላይ ያንሸራትታል። የበሩን ደፍ እንዲታያት ነጭ ቀለም ቀባሁት። በነጠላ ጫማ ፈንታ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ገዛሁላት። መብራት ስለሚጠፋ የሶላር መብራት አስገባሁ። ሽንት ቤታችን ጓሮ ነው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ድንጋዩን ያሟልጨዋል፣ ስለዚህ ለሌሊት ፖፖ አልጋዋ አጠገብ አስቀመጥኩ፣ ለቀን ደግሞ ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ ይዛው የምትሄድ የባሕር ዛፍ አጠና በወገቧ ልክ አስመታሁ። ምርኩዟን የትም ጥላ ትመጣለች፣ አጠናው ግን ሁሌም እዚያው ነው። የቤት ዕቃ ቦታም አትቀያይሩባቸው።

ያቃጠለኝ ሐኪም ቤቱ ነው። እናቴ የምትወድቀው ከአልጋ ተነስታ ጥቂት እንደተራመደች ነው። «ዓይኔን ጨለም አደረገኝ» ትላለች። ይህንኑ ለሐኪሙ ነገርኩት። ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ግፊቷን ለካና «ደህና ነው፣ እርጅና ነው፣ ብቻቸውን አይሂዱ፣ ቁጭ ይበሉ» አለኝ። ራጅ ተነሳች፣ አጥንቷ ደህና ነው ተባለ፣ ወደ ቤት። ሌላ ጊዜ ሌላ ሐኪም፣ መልሱ ግን ያው። ምን ክኒን እንደምትውጥ የጠየቀ አንድም ሰው የለም! ካርዷ ላይ ያለው እዚያው የታዘዘላት ብቻ ነው፣ የግል ክሊኒክ የሰጣትን ማን ይየው?

በመጨረሻ ቤት ያለውን ክኒን በሙሉ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። የግፊት ክኒን አለ፣ ሽንት የሚያሸና አለ፣ ለእንቅልፍ ተብሎ የተሰጣት አሚትሪፕቲሊንም አለ። «ተኝታና ቆማ ለኩልኝ» አልኩ። «እህቴ፣ ወረፋውን አታጓትቺ፣ ሥራችንን እናውቃለን» ተባልኩ። ከክፍሉ አልወጣም አልኩ። አንዲት ነርስ እሺ ብላ አስተኝታ ለካቻት፣ የላይኛው 142። ካቆመቻት በኋላ ደግማ ስትለካት 112። ከቆሙ በኋላ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ችግር አለ ማለት ነው። የደም ግፊት መለኪያው ጠረጴዛው ላይ ነበር እኮ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ!

አሚትሪፕቲሊን ሲቆሙ ግፊት ይጥላል፣ ማስታወስንም ያዳክማል፣ የመርሳት ሕመም ላለበት አዛውንት አይመከርም። ሐኪሙ እሱን ቀስ በቀስ አስቆማት፣ የግፊት ክኒኗንም መጠን ቀነሰላት። እናንተ ግን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ሐኪሙን ጨቅጭቁት።

«ቁጭ ይበሉ» የሚለውን ምክር እኔ አልቀበለውም። ቁጭ ያለ ሰው ጭኑ ይዝላል፣ የዛለ ደግሞ ይበልጥ ይወድቃል። ጠዋትና ማታ ጠረጴዛ አስይዤ ከወንበር ብድግ ቁጭ አስደርጋታለሁ። ቤተ ክርስቲያንም ክንዷን ይዤ እወስዳታለሁ። ከአልጋ ስትነሳ ጫፉ ላይ ተቀምጣ «አባታችን ሆይ» ደግማ እንድትቆም አስለመድኳት። የእኔን ትእዛዝ ትረሳለች፣ ጸሎቷን አትረሳም፣ እስክትጨርስ ሰውነቷ ይረጋጋል። በዚህ በጣም ኮርቻለሁ።

ጾሙ አስቸግሮኝ ነበር። ውኃ ሳትቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትቆይ ግፊቷ ይብስ ይወርዳል፣ እኔን ደግሞ አትሰማም። የንስሐ አባቷን አማከርኳቸው። እሳቸው ሲነግሯት አላንገራገረችም፣ አሁን ጠዋት ውኃ ትጠጣለች።

የቀረን የዓይኗ ሞራ ነው። ቀጠሮ ይዘናል፣ ክኒኖቹንም በፌስታል ይዤ ነው የምሄደው።